ሪሞት እንዲህ ይከበራል

የድሬ ሰው ዕቃ መያዝ አያውቅም የሚል ካለ ሳቢያን ሰፈር አጎቴ ቤት ይምጣና ሪሞታቸውን ይይ።

ቴሌቪዥኑ ከተገዛ አራት ዓመቱ ነው። ሪሞቱ ግን የመጣበትን ላስቲክ እስከ ዛሬ አላወለቀም። ላስቲኩ ያኔ ጥርት ያለ ነበር። አሁን ቢጫ ሆኗል። ጥጉ ላይ ተቀዶ በነጭ ፕላስተር ታሽጓል፤ ውስጥ ውስጡን ደግሞ ላብ ቋጥሯል። በዚህ ሙቀት እኛ በሽርጥና በካናቴራ ቬንትሌተር ሥር ተዘርረን እንተነፍሳለን፤ ሪሞቱ አራት ዓመት ሙሉ ካፖርቱን አላወለቀም። ክብር ማለት ይሄ ነው አቦ!

ቁጥሮቹ አይታዩም። ቢታዩስ ምን ሊሠሩ? የሠሩት ሰዎች ጣት በጨለማም እንዲያገኛት ብለው 5 ቁጥር ላይ ትንሽ እብጠት ያደርጋሉ። አጎቴ ቤት እብጠቷ አታስፈልግም። በላስቲኩ ቀዳዳ ሾልካ ገብታ እዚያው የደረቀች የጫት ቅጠል አለች፤ አምስት በእሷ ትታወቃለች። ድምፅ መጨመሪያው የምትታወቀው ደግሞ በባቢሌ ለውዝ ልጣጭ ነው። ማጥፊያው ላይ የለስላሳ ስኳር ስላለ አንዴ ከተጫነ ቶሎ አይመለስም። እንግዲህ ለዓይነ ስውር እንኳ የሚመች ሪሞት ነው፤ ይህን ያሰበ ፋብሪካ አላውቅም።

ሪሞቱን የሚይዙት አጎቴ ብቻ ናቸው። ከምሳ በኋላ ከተማው ሱቁን ዘግቶ ጋደም ሲል እሳቸውም ሪሞቱን ሆዳቸው ላይ አጋድመው ጋደም ይላሉ። ያንኮራፋሉ። የተኙ መስሎት ቀስ ብሎ እጁን የሰደደ ልጅ ግን ወዮለት። «እያየሁት ነው!» ይላሉ፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

ዋናው ጥበብ የሚታየው ድንጋዩ ሲደክም ነው። አዲስ ባትሪ ድንጋይ መግዛት የሰነፍ ሥራ ነው። መጀመሪያ ሪሞቱ መዳፍ ላይ በጥፊ ይባላል። እምቢ ካለ ጭን ላይ። ከዚያ ጀርባው ይከፈታል። ክዳኑ የጠፋው ድሮ ነው፤ የያዘው ብር የሚታሰርበት ላስቲክ ነው። ድንጋዮቹ በአውራ ጣት ይሽከረከራሉ። (ይህቺኛዋ እንኳ ትሠራለች። መገናኛው ላይ የያዘውን ዝገት ትፍቃለች፤ ስለዚህ አልስቅባትም።) ቀጥሎ መስኮት ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ሞቅ ሲላቸው ትንሽ ነፍስ ይዘራሉ፤ ያቺን ነፍስ የሚከፍሏት ከዕድሜያቸው ላይ ነው። ፀሐይዋ ግን የድሬ ናት፣ በነፃ ናት፣ ማን ይጠይቃታል? በመጨረሻ ጥርስ ይመጣል። አጎቴ ቤት የጥርስ ምልክት የሌለበት ድንጋይ እንደ ባዳ ነው የሚታየው። ቆርቆሮው ተበስቶ ኬሚካሉ አፍ ውስጥ ቢፈስስ? እሱ የሪሞቱ ጉዳይ አይደለም፣ የሐኪም ነው።

ይሄ ሁሉ ካልሆነ የግድግዳው ሰዓት አለ። ድንጋዩ ይወጣና አንዱ የድሮው፣ አንዱ የሰዓት ሆኖ ይገባል። ሰዓቱ 8፡20 ላይ ከቆመ ዓመት ሊሆነው ነው። ጉዳት የለውም፤ አጎቴ ቤት ሁሌም ገና 8፡20 ነው።

ነገሩን ሳስበው ፈረንጆቹ ቸኩለዋል እላለሁ። እ.ኤ.አ. በ1955 ዩጂን ፖሊ የሚባል አሜሪካዊ ለዜኒት ኩባንያ የሠራው ሪሞት በብርሃን ጨረር የሚያዝ ነበር፤ ታዲያ ፀሐይ ቴሌቪዥኑ ላይ ስታርፍ ቻናሉ ራሱ ይቀየር ነበር። ድሬ ቢመጣ ኖሮ ከጠዋት እስከ ማታ ያለ ሰው ሲቀያይር በዋለ። አጎቴንም ሥራ ባስፈታቸው።

ባለፈው ወር ጥፊውም ጥርሱም አልሠራ ሲል እዚሁ ድሬ ታይዋን ገበያ ወሰድነው፤ አንድ የጥገና ልጅ ዘንድ። ልጁ ነውረኛ ነው። ገና ሰላም ሳይለን ላስቲኩን ቀደደው። አጎቴ ልብሳቸውን የተገፈፉ ያህል ደነገጡ። ከዚያ የስልኩን ካሜራ ሪሞቱ አፍ ላይ ደግኖ ቁልፉን ተጫነ። በባዶ ዓይን ምንም የለም። ስልኩ ላይ ግን ደብዛዛ ሐምራዊ ብርሃን ብልጭ፣ ብልጭ አለች።

«ይሠራል አባባ። ምንም አልሆነም» አላቸው። «ያፈሰሰ ድንጋይ ሽቦውን አዝጎት ነው። አፉንም ላስቲኩ ሸፍኖባችሁ ነበር።»

ጥጥ አልኮል ነክሮ ጠራረገው። ከቁልፎቹ ሥር ቅጠሏን፣ ልጣጩን፣ ስኳሩን አወጣ። የአራት ዓመት ቅርስ በአንድ ጥጥ ሄደ! በዚህ ላይ ምክር ጨመረ፦ አሮጌና አዲስ ድንጋይ አትቀላቅሉ፣ ደካማው ቀድሞ ያልቅና ያፈሳል፤ ቤት ዘግታችሁ ስትሰነብቱም አውጡት። አጎቴ አንገታቸውን እየነቀነቁ ሰሙት። ውጭ እንደወጣን «የዛሬ ልጅ ትንሽ ሲማር አፉ ይበዛል» አሉኝ።

ቤት ስንገባ መጀመሪያ ያደረጉት ነገር አዲስ ላስቲክ መፈለግ ነው። የስኳር ላስቲክ ተገኘ። ሁለት ዙር ጠቀለሉትና በፕላስተር አሰሩት።

ማታ ኳስ ነበር። ቤቱ ሞልቷል። አጥቂው ኳሷን ይዞ ሳጥን ውስጥ ሲገባ ቴሌቪዥኑ ድርግም አለ። አጎቴ ሪሞቱን መዳፋቸው ላይ በጥፊ አሉት። ዝም። ጭናቸው ላይ ደገሙት። ዝም። በጨለማው ውስጥ ላስቲኩ ሲቀደድና ድንጋዮቹ ሲሽከረከሩ ይሰማናል። ቬንትሌተሩ ቆሞ ላቡ በጀርባችን መውረድ ጀምሯል። ድንጋዩን ወደ ጥርሳቸው ሲያስጠጉም መብራት መሄዱን የነገራቸው ሰው የለም።