«አይሰራም» ለሚሉ ሊቃውንት

ከአራት ኪሎ እስከ ሜክሲኮ አዲስ የቅኔ ቤት ተከፍቷል። ደቀ መዛሙርቱ ቀን ቀን የሒሳብ ሠራተኛ፣ ነርስ፣ መምህር ናቸው፤ ማታ ማታ ፓይተን የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ይነካካሉ። ኮዱ እምቢ ሲላቸው በቴሌግራም ለሚያውቅ ሰው ይዘርፋሉ። ጉባኤ ቃና እንኳ ሁለት ቤት ይፈጃል፤ የእነሱ በአንድ ቃል ያልቃል፦ «አይሰራም።» ወርቁን መፈለግ የተቀባዩ ዕዳ ነው።

ቸርነታቸው ሲበዛ ፎቶ ያክሉበታል። ጽሑፉን ኮፒ ማድረግ የሰነፍ ሥራ ነውና ስክሪኑን በስልክ አጋድመው ያነሱታል፤ የፒያሳው ማኪያቶና የአምፖሉ ነጸብራቅ ጥርት ብለው ይታያሉ። ፓይተን የስህተቱን ዓይነት በመልእክቱ የመጨረሻ መስመር፣ ስንተኛው መስመር ላይ እንደሆነ ደግሞ ከዚያ ከፍ አድርጎ ይጽፋል። እነዚህን ብቻ መርጦ ከፎቶው ማስቀረት እጅ ይጠይቃል!

ኪቦርዱን ከአማርኛ ሳይመልስ በኮማ ፋንታ ነጠላ ሰረዝ የመታ ሰው፣ ፓይተን ያላወቃትን ምልክት ከነመስመሯ ያሳየዋል። መልእክቱን ካነበበ በግማሽ ደቂቃ ይገላገላል። ካላነበበ ሦስት ጓደኛ ያስቸግራል፤ ማኅበራዊ ኑሯችን የጠነከረው በዚህ አይደል?

የኤክሴሎቹ መዓርግ ከዚህም ይበልጣል። በአንዱ ሺት «ኃይሉ»፣ በሌላው «ሀይሉ» ተጽፎ ከሌላ ሠንጠረዥ ፈልጎ የሚያመጣው ቪሉክአፕ (VLOOKUP) ሲያጣው «ኤክሴል አማርኛ አይችልም» ብለው ይፈርዳሉ። ለጆሯችን አንድ የሆነው ለማሽኑ ሁለት ፊደል ነው፤ ከስሙ ኋላ የተረሳች ባዶ ቦታም ያንኑ ታደርጋለች። ቀኑማ! ጥቅምት 30ን 30/2/2016 ብለው ሲያስገቡ፣ ኤክሴል ሁለተኛውን ወር የሚያውቀው ፌብሩዋሪ ብሎ ነውና፣ ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን ስለሌለ እንደ ተራ ጽሑፍ ወደ ግራ ያስጠጋዋል። ይህ እንኳ ደህና ነው፤ ያየ ይነቃል። ጳጉሜን 5ን 5/13/2016 ካሉት ግን ወርን በሚያስቀድመው በአሜሪካ የቀን አጻጻፍ የተዘጋጀ ኤክሴል ሳያቅማማ ሜይ 13 ያደርገዋል። እንዲህ ያለው «አይሰራም» አይባልም፤ ሪፖርቱ ተፈርሞ ይሄዳል።

አልፎ አልፎ አጉል ረጂ ያጋጥማል። «ምን እንዲወጣ ጠብቀህ ነበር? ምን ወጣ? ስህተቱ የሚደገምባትን አሥር መስመር ብቻ ቆርጠህ ላክልኝ» ይላል። ሲቆርጡት ጥፋቱ ብዙ ጊዜ በራሱ ብቅ ስለሚል ምክሩ አደገኛ ነው። ሊቁም አይታለልም፦ «ወንድሜ፣ አይሰራም እኮ ነው የምልህ!»

ቀጥሎ ሚስኮል።