ክርክር፦ ሞተሩን ማሻሻል ወይስ እንዳለ መንዳት? የድሮ ማደያስ ምኑ ይናፍቃል?

የክርክሩ ሃሳብ ይሄ ነው፦ "ረጅም መንገድ በሞተርሳይክል የሚጓዝ ሰው ሞተሩን ባይነካካው ይሻላል፣ የድሮ ማደያም የዛሬውን ያስንቃል።" ደጋፊው ራሱን ካርብሬተር ብሎ ሰይሟል፣ በድሮ ሞተሮች ቤንዚንና አየር በሚቀላቅለው እቃ ስም፣ ተቃዋሚዋ ደግሞ ኢንጀክሽን ነኝ ብላለች፣ ቤንዚኑን በኮምፒውተር ለክቶ በሚረጨው በአዲሱ ስም። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።

ካርብሬተር፦ እኔ እንግዲህ ስንት ዓመት አንዷን ሞተር ነው የያዝኩት፣ ከካንዴላ ከሰንሰለትና ከጎማ ውጪ ምንም ቀይሬባት አላውቅም። ድሮ ማደያ ስትገባ ገና ሞተሩን ሳታጠፋ ሰውዬው ጨርቁን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ይመጣል፣ ቤንዚን እየቀዳ ጎማህን በጫማው ነካ ነካ ያደርጋል፣ ዘይትህን ያያል፣ "ሰንሰለትህ ላልቷል እኮ፣ እንዲህ ሆነህ እንዳትሄድ" ይልሃል። አንዴ የኋላ ጎማዬ ላይ የተሰካ ምስማር ያየልኝ እሱ ነው፣ እኔማ ስለመንገዱ ወሬ ይዤ ነበር። አሁን ካርድህን ትሰካለህ ትቀዳለህ ትወጣለህ፣ አንድ ሰው እንኳን ቀና ብሎ ሳያይህ። ቤቱ ራሱ ደሞ ቤት ነበር! አስመራ ያለው ፊያት ታሊዬሮ በ1938 የተሰራ ማደያ ነው፣ ግራና ቀኝ 15፣ 15 ሜትር የሚሆን ምሰሶ የማይደግፈው ክንፍ ዘርግቶ ሊነሳ ያለ አውሮፕላን ነው የሚመስለው። የዛሬዎቹን ግን ሰሌዳቸውን ብታነሳባቸው አንዱን ካንዱ አትለየውም።

ኢንጀክሽን፦ ጋሼ፣ መጀመሪያ ያ ሰውዬ ይቀዳልህ የነበረው ምን እንደሆነ እናውራ። እርሳስ፣ ማለት ሊድ የሚባለው መርዛማ ብረት፣ ያለበት ቤንዚን ነው። ሞተር እንዳያንኳኳ ተብሎ ከ1920ዎቹ ጀምሮ እርሳስ ሲጨመርበት ኖሯል፣ የህጻናትን አእምሮ እንደሚጎዳ እየታወቀ እንኳን በመኪና ቤንዚን ውስጥ ዓለም ሙሉ በሙሉ የተወው በ2021 ነው። ጨርቅ ትከሻው ላይ ያለው ሰውዬ ቀኑን ሙሉ ያንን እየማገ ነው የሚውለው፣ አንተ የምታስታውሰው ግን ምክሩን ብቻ ነው። ክንፉ ያምራል፣ አልክድም፣ ግን ክንፍ ጎማ አይነፋም፣ እኔ ከመቀመጫዬ ስር ትንሽዬ የባትሪ ፓምፕ አለችኝ።

ሞተር አይነካካ ያልከው ደሞ ከየት መጣ? ሆንዳ ሲቢ 750 በ1969 ፊቱ ላይ ዲስክ ፍሬን ይዞ ሲመጣ አዲስ ነገር ነበር፣ ዛሬ ግን አንተው "ኦሪጅናል" ትለዋለህ። ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ኤቢኤስም በ1988 ቢኤምደብሊው ኬ100 ላይ ሲገባ እንደዛው። ዝናብ ላይ የፊት ጎማው ተቆልፎ አስፋልት የላሰ ሰው በዚህ አይከራከርም። ተራራስ? ወደ 3000 ሜትር ስትወጣ አየሩ ሩብ ያህል ይሳሳል፣ ካርብሬተርህ ግን ታች የለመደውን ቤንዚን ያፈሳል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ጉልበት ያንሳል፣ አንተ መንገድ ዳር ቁጭ ብለህ ካቻቪቴ ትፈልጋለህ። የኔው ራሱ ለክቶ ያስተካክላል፣ እኔም እይታውን እያየሁ እሄዳለሁ።

ካርብሬተር፦ እሺ እርሳሱን ተቀበልኩ፣ ፍሬኑንም እንደዛው፣ በፍሬን ከሰው ጋር አልጣላም። ካርብሬተሬን ግን አልሰጥሽም። የመኪና ሰሪው የካርል ቤንዝ ሚስት በርታ ቤንዝ በ1888 ሁለት ልጆቿን ይዛ የባሏን መኪና አስነስታ ከማንሃይም ፎርትስሃይም ድረስ ከ100 ኪሎሜትር በላይ ስትሄድ፣ የነዳጁ ቱቦ ሲደፈንባት በባርኔጣዋ መርፌ ጠርጋ ነው የቀጠለችው። ነዳጁንም ከፋርማሲ ነው የገዛችው፣ ማደያ የሚባል ነገር የት አለና። የኔም ቢደፈን ፈትቼ እፍ ብዬበት እገጥመዋለሁ። ያንቺ የቤንዚን ፓምፕ ግን ታንኩ ውስጥ ተቀብሮ ድንገት ቢሞትብሽ በምንሽ ነው የምትጠርጊው፣ ባርኔጣ እንኳን የለሽ፣ ሄልሜት ነው!

ደሞ አፕግሬድ የምትሉት ግማሹ ጌጥ ነው በይኝ። ልጁ ድምጽ ስለወደደ የጭስ ማውጫውን ማርሚታ አውልቆ ሌላ ይገጥማል፣ የቤንዚኑን ልክ ግን አያስተካክልም፣ ከዛ አየር በዝቶ ቤንዚን ያንስና ሞተሩ ይግላል፣ "ይሄ ሞተር ችግር አለው" ይልሃል። መብራት ይጨምራል፣ ሁለት ባለ 55 ዋት አምፖል፣ በቃ 110 ሄደ፣ የእጀታ ማሞቂያ 40 ገደማ፣ ስልክ፣ ካሜራ። ያ ሁሉ የሚጠባው ከአንድ ዲናሞ ነው፣ ሚኒሞ ላይ፣ ማለት ነዳጅ ሳትሰጪው ሞተሩ እየሰራ ስትቆሚ ደሞ እሱም ከሙሉ ጉልበቱ በጣም ያነሰ ነው የሚሰጥሽ። ማታ ላይ ባትሪው ሞቶ ሞተር የሚገፋ ሰው ካየሽ ካርብሬተር እንዳይመስልሽ፣ መብራቱ ነው።

ኢንጀክሽን፦ እሱ ላይ ተስማምቻለሁ፣ መጀመሪያ ዋቱን መደመር ነው። ግን ጌጥ የሚያበዛ ሰው ስላለ ሞተር አይሻሻልም ማለት አይሆንም እኮ። እኔ መጀመሪያ የቀየርኩት የኋላውን ሞላ ነው፣ ማንም አያየውም፣ ፎቶም አይነሳም። ሳጥን ስትጭን ኋላው ቁጭ ካለ ፊቱ ይቀልና መሪው ይዋልላል፣ መብራትህም መንገዱን ትቶ የመጪውን ሰው ዓይን ይመታል። አንተም ጭነህ እራስህ ተቀምጠህበት ለካው፣ ሞላው ካለው እንቅስቃሴ ሲሶ ያህል ከወረደ ደህና ነው፣ ከዛ በጣም ካለፈ ግን ሞላው ደክሟል፣ ኦሪጅናል ቢሆንም ደክሟል። መቼም ጨርቅ ያለው ሰውዬ ይሄን ነግሮህ አያውቅም።

ካርብሬተር፦ አልነገረኝም፣ እውነትሽን ነው። እኔም እኮ ኋላው ሲዋልል መንገዱ ነው እያልኩ ነው የኖርኩት። እሺ አንድ ጥያቄ ብቻ፣ ጎማሽን መጨረሻ ጎንበስ ብለሽ ያየሽው መቼ ነው?

ኢንጀክሽን፦ ማየት አያስፈልገኝም ጋሼ፣ የጎማውን ንፋስ የሚለካ ሴንሰር አለው። ዛሬ ጠዋት ስነሳ የኋላው 36 ፒኤስአይ ነበር፣ ማሳያው ላይ አረንጓዴ።

ካርብሬተር፦ ሶስቱን ሳጥን ጭነሽ ነው አይደል የተነሳሽው? መመሪያው ለጭነት ሌላ ቁጥር አለው እኮ። ሴንሰሩ ሳጥን መጫንሽን በምን ያውቃል?

ኢንጀክሽን፦ ... መመሪያው ለጭነት 42 ይላል። ቆይ፣ ፓምፗን ላውጣ።