የሰርንን ግጭት ደሴ ላይ ማስላት ይቻላል

ስለ ፊዚክስ ትምህርት ሲወራ ደሴ ውስጥ ደጋግሞ የሚነሳ ጥያቄ አለ፦ «ያለ ላብራቶሪ ምን ይሠራል?» ጥያቄው እውነት አለው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ በወሎ ዩኒቨርሲቲ ላይ ያደረሰውን ሁላችንም እናውቃለን። ግን ላብራቶሪ የማይፈልግ፣ ዓለም ገና የሚከራከርበት ሥራም አለ። ተማሪዎቻችን የመመረቂያ ጽሑፋቸውን በእሱ ላይ ቢሠሩ ደስ ይለኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጄኔቫ አጠገብ በሚገኘው የቅንጣት ፊዚክስ ምርምር ማዕከል፣ በሰርን፣ የእርሳስ ኒውክለሶች (የአቶም እምብርቶች) የብርሃንን ፍጥነት ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው ይጋጫሉ። ከአንድ ግጭት በሺዎች የሚቆጠሩ ቅንጣቶች ይወጣሉ። የባቲን የሰኞ ገበያ ለማወቅ ገበያተኛውን ሁሉ ቤቱ ድረስ የሚከተል የለም፤ እዚህም እንደዚያው ነው። ቅንጣቶቹን አንድ በአንድ ሳይከተል በጅምላ የሚያሰላ ስታቲስቲካዊ ሞዴል አለ፤ በዋናነት ሦስት ቁጥሮች ይበቁታል፦ ሙቀት፣ ይዘት (ቮልዩም)ና የቁስን ከጸረ-ቁስ ብልጫ የሚያሳየው የባርዮን ኬሚካል ፖቴንሻል። ሦስተኛው በሰርን ግጭቶች ዜሮ ገደማ ነው። ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1950 የፊዚክስ ሊቁ ኤንሪኮ ፌርሚ ጀመረው፤ በ1960ዎቹ ሮልፍ ሀገዶርን አሳደገው።

ካልኩሌተር አውጡና ሞክሩት። ሰርን ውስጥ እነዚህን ግጭቶች ከሚለካው ከአሊስ ሙከራ መረጃ የተገኘው ሙቀት፣ በጉልበት መለኪያ ሲገለጽ፣ 156 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ነው፤ የፀሐይን እምብርት ከ100 ሺህ ጊዜ በላይ ያስከነዳል። የፕሮቶን ግዝፈት በዚሁ መለኪያ 938 ነው። ለ156 ስታካፍሉት 6 ይመጣል። 2.718ን በርቢ 6 ስታሰሉ 403። እንግዲህ ኒውክለሱ ላይ አንድ ፕሮቶን ወይም ኒውትሮን በተጨመረ ቁጥር ከግጭቱ የሚወጣው ብዛት በ400 እጥፍ ገደማ መቀነስ አለበት። አሊስ የለካው 300 አካባቢ ነው! በሁለት መስመር ስሌት እዚህ መድረስ እኔን ሁሌም ያስደንቀኛል። ስፒኑን (የቅንጣቱን ውስጣዊ ዙረት መሰል ባሕርይ)፣ ግዝፈቱንና የሬዞናንሶችን (የአጭር ዕድሜ ቅንጣቶችን) መፈራረስ ሲያስገባ ተማሪው የበለጠ ይጠጋል። ቀመሩ ደግሞ ያው ክፍል ውስጥ የሚማረው የቦልትዝማን ቀመር ነው።

ጉዱ ያለው ዲዩትሮን ላይ ነው። ይህ የአንድ ፕሮቶንና የአንድ ኒውትሮን ኒውክለስ ነው፤ ሁለቱን ያሰረው ጉልበት 2.2 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ብቻ ነው። በዚያ ሙቀት ብትንትኑ መውጣት ነበረበት። ግን ሞዴሉ ባለው ልክ ይገኛል። ገሚሶቹ ሊቃውንት ከጅምሩ እንደ ጥብቅ የኳርክ (ፕሮቶንና ኒውትሮን የተሠሩበት ቅንጣት) ስብስብ ይወለዳል ይላሉ። ሌሎቹ መጨረሻ ላይ የተቀራረቡ ፕሮቶንና ኒውትሮን ተጣምረው ነው ባይ ናቸው። ክርክሩ አልተዘጋም።

ይህን የሞዴል ስሌት የሚሠራው ተርማል ፊስት የሚባለው ሶፍትዌር ነፃ ነው፤ በተራ ላፕቶፕ ይሠራል። የልኬት ውጤቶቹም ሄፕዳታ በሚባለው የቅንጣት ፊዚክስ የመረጃ ቋት ላይ በነፃ ይገኛሉ። አንዴ ከወረደ ኔትወርክ ቢጠፋም ግድ የለም፣ በፍላሽ መቀባበል ይቻላል። ኮምቦልቻ ካምፓስ ያሉ ኮምፒውተር የሚችሉ ልጆች ፕሮግራሙን በመጫን ቢያግዙ፣ አንድ መምህር ደግሞ አማካሪ ቢሆን በቂ ነው። ለመጪው ዓመት ተመራቂዎች የርዕስ ዝርዝር ሲወጣ ይሄም ይግባበት።