ሽልማቱ ለጸሐፊው፣ ጽዳቱስ ለማን?

«ከተማዋ በወንዙ ባንክ ላይ ትገኛለች።»

ይህን ያነበብኩት በአንድ የአማርኛ ዊኪፒዲያ የጽሑፍ ውድድር ላይ ዳኛ ሁን ተብዬ ነው። መጀመሪያ ግራ ገባኝ። ቆይቶ ሳቄ መጣ። ለካ የወንዝ ዳር ለማለት ነው። እንግሊዝኛው ለገንዘቡ ቤትም ለወንዙ ዳርም አንድ ቃል ስላለው የትርጉም ማሽኑ ለወንዙ ሒሳብ ከፍቶለታል።

ዝቅ ስል «ከንቲባው በ2015 ተመረጡ» ይላል። በማን 2015? በእኛ ወይስ በፈረንጅ? የሰባት ስምንት ዓመት ልዩነት እኮ ነው። (እኔም እንዳልወቀስ፣ እዚህ ጽሑፍ ላይ ዓ.ም. ካላልኩ በስተቀር የምጠራቸው ዓመታት የፈረንጅ ናቸው።) ተወዳዳሪው ማሽኑ የሰጠውን እንዳለ ለጥፎ ወደሚቀጥለው አልፏል። በአንድ ማታ እንዲህ ያሉ 11 ጽሑፎች አስገብቷል።

ልጁን አልወቅሰውም። ደንቡ ያለውን ነው ያደረገው። ነጥብ የሚያዘው በጽሑፍ ብዛት ነበር፤ ብዙ ያስገባ ይሸለማል። እሱም አስገባ።

ነገሩን ለማያውቅ በአጭሩ ልንገር። ዊኪፒዲያን የሚጽፉት በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ ደመወዝ የለም። ኮምፒውተሩንና ድረ ገጹን የሚያስተዳድረው ዊኪሚዲያ ፋውንዴሽን ግን ደህና ገንዘብ አለው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ገቢው በዓመት ከ150 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው፤ አብዛኛውም ከአንባቢ የሚሰበሰብ ትንንሽ መዋጮ ነው። ከዚያ ላይ ለየአገሩ በጎ ፈቃደኞች ድጎማ ይሰጣል። ትንሹ ዓይነት ከ500 እስከ 5000 ዶላር ነው። በዚህ ብር አንድ ማኅበረሰብ ውድድር ያዘጋጃል፣ አዳራሽ ይከራያል፣ ቡና ያፈላል፣ ለአሸናፊው ሽልማት ይገዛል። ለትንንሽ ቋንቋዎች ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የአማርኛው ዊኪፒዲያ ከ20 ዓመት በላይ ቆይቶ ዛሬም በአሥራ አምስት ሺህ ገደማ ጽሑፍ ላይ ነው። ብዙዎቹ ደግሞ ሁለት ሦስት መስመር ናቸው።

ስለዚህ ገንዘቡ ይምጣ። እኔን የሚያንገበግበኝ ምን እንደሚገዛበት ነው። አሁን የሚገዛበት ክብደት ነው።

ክብደት ስል ቀልዴን አይደለም። ብዙ ውድድሮች ጽሑፍን የሚለኩት በባይት፣ ማለትም ኮምፒውተር ላይ በሚይዘው ቦታ ነው። ለምሳሌ «የእስያ ወር» የሚባለው፣ ከ2015 ጀምሮ በየዓመቱ የሚካሄደውና ለተሳታፊው ፖስትካርድ በመላክ የሚታወቀው ውድድር፣ አንድ ጽሑፍ 3000 ባይትና 300 ቃል ይሙላ ይላል። የላቲን ፊደል አንዷ አንድ ባይት ትይዛለች። የእኛ ፊደል ግን ሦስት ሦስት ነው። «ኢትዮጵያ» ብለህ ስትጽፍ አምስት ፊደል ጽፈህ 15 ባይት ታገኛለህ። እንግሊዝኛ ጸሐፊው ስምንት ፊደል ለቅሞ የሚያገኘው ስምንት ነው። እሰይ፣ አተረፍን! ትል ይሆናል። ቃል ሲቆጠር ግን ያስከፍለናል። «አላስመጣናቸውም» አንድ ቃል ናት፤ እንግሊዝኛው ይህችኑ ለማለት ስድስት ሰባት ቃል ይፈጅበታል። ሚዛኑ በሌላ ሰው ገበያ የተሠራ ነው። ይህን የሚያውቅ ተወዳዳሪ ደግሞ ምን ያደርጋል? ባይቱን በሰንጠረዥና በረጅም ማስፈንጠሪያ ይሞላል፤ ቃሉን በ«እንዲሁም»ና በ«በተጨማሪም» ያራዝማል። አንብቤያለሁ። አንድ አንቀጽ ውስጥ አምስት «እንዲሁም»።

ይህ የእኛ ብቻ ጣጣ አይደለም። በ2009 መጨረሻ ጉግል በኬንያና በታንዛኒያ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መካከል የስዋሂሊ ዊኪፒዲያ ውድድር አዘጋጀ። ሽልማቱ ላፕቶፕና ሞባይል ነበር። ተማሪው ተረባረበ፣ በጥቂት ወራት ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠሩ ጽሑፎች ገቡ። ውድድሩ በ2010 መጀመሪያ ሲያልቅ ግን አብዛኛው ተወዳዳሪ ሄደ። ላፕቶፑ አሸናፊው ቤት ገባ፣ በማሽን እየታገዘ የተተረጎመውን የማረሙ ሥራ ደግሞ ድሮም እዚያ ለነበሩት ጥቂት የስዋሂሊ በጎ ፈቃደኞች ቀረ። እነሱን ማንም አልሸለማቸውም።

በ2020 የተጀመረው ፎቶ ለሌላቸው ገጾች ፎቶ የማስገባት ዘመቻም ያው ነው። ሐሳቡ ግሩም ነበር። የሚሸለመው ግን ብዙ ያስገባ ሆነ። ከዚያማ ጉድ ፈላ! ከገጹ ጋር የማይገናኝ ፎቶ፣ በማያውቁት ቋንቋ የተጻፈ መግለጫ በየቋንቋው ዊኪፒዲያ ይጎርፍ ጀመር። የየቤቱ አርታኢዎች ሥራቸው መጥረጊያ ይዞ መከተል ሆነ።

«ታዲያ ሽልማት ይቅር?» የሚሉኝ አሉ። አይቅር። አንዳንዱ ጎበዝ አርታኢ መጀመሪያ የገባው ለሽልማት ብሎ ነው፤ ጣዕሙን ሲያውቀው እዚያው ቀረ። ደግሞም በነጻ ሥሩ እያሉ የሚመክሩት ሰዎች ብዙ ጊዜ የኢንተርኔት ሒሳብ የማያሳስባቸው ናቸው። ከደመወዙ ቀንሶ ፓኬጅ እየገዛ ስለ ላስታ ወይም ስለ ጊቤ የሚጽፍ ሰው ምስጋና ብቻ ይበቃዋል ማለት ነውር ነው። ምስጋናውም ቢሆን አንዳንዴ ያስቃል። የባሕር ማዶ መደብር ኩፖን አዲስ አበባ ላይ ምን ይገዛል?

ካየኋቸው ሁሉ ልቤን የሞላው በ2018 ሕንድ ውስጥ የተደረገው «ፕሮጀክት ታይገር» ነው። እዚያም ጉግልና ዊኪሚዲያ ናቸው ገንዘቡን ያወጡት። ግን ቅደም ተከተሉን ገለበጡት። ከውድድሩ በፊት፣ ድሮም እየሠሩ ላሉና መሣሪያ ላጠራቸው አርታኢዎች ላፕቶፕና የኢንተርኔት ወጪ ሰጡ። ከዚያ ቋንቋዎቹ እርስ በርስ ተወዳደሩ። ላሸነፈው ማኅበረሰብ የተሰጠው ሥልጠና ነበር፤ ፑንጃብኛ ተናጋሪዎቹ ወሰዱት። በየወሩ ለግለሰብ የሚሰጠው ገንዘብ ትንሽ ነበር። ለሽልማቱ ብቻ የመጣ ሰው የሚጓጓበት አይደለም።

ካዛክስታን ደግሞ በ2011 ሌላ መንገድ ሞከረች። ከመንግሥት የሀብት ፈንድ በተገኘ ገንዘብ የአገሪቱን ብሔራዊ ኢንሳይክሎፒዲያ ማንም እንዲጠቀምበት በሚያስችል ነጻ የቅጂ መብት ፈቃድ አስለቅቀው ወደ ዊኪፒዲያ አስገቡት። ጥቂት ሺህ የነበረው ጽሑፍ ብዙም ሳይቆይ መቶ ሺህ አለፈ። የመንግሥት ብር ካለ የመንግሥት ዓይን አለ የሚል ትችት ገጥሟቸዋል፤ ትችቱ ልክ ነው። ግን ምንጩን ነጻ ማውጣት ላይ ገንዘብ ማዋላቸውን አደንቃለሁ። የእኛም አንዱ ማነቆ ይኸው ነው። አማርኛ ምንጭ ሞልቷል፤ ያለው ግን ወረቀት ላይ ነው። አዲስ ዘመን ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ ሲታተም የኖረ ጋዜጣ ነው። አንድ በጎ ፈቃደኛ ወመዘክር ተቀምጦ ሳምንት ቢያገላብጥ ማሽን በሕልሙም የማያገኘውን ይዞ ይወጣል። ለዚህ የሚያስፈልገው የታክሲ፣ የፎቶ ኮፒና የምሳ ብር ነው። ይህን በድጎማ ማመልከቻ ላይ ስትጽፈው ግን አያምርም። «200 አዲስ ጽሑፍ እናስገባለን» ሲባል ያምራል።

እኔ ብሩ እጄ ላይ ቢሆን መጀመሪያ የምከፍለው ለዳኛው ነው። አዎ፣ ለራሴ ወገን እያደላሁ ነው። ዳኛ ማለት «ፋውንቴን» በሚባለው መሣሪያ ላይ ቁጭ ብሎ ይህ ይለፍ፣ ይህ ይውደቅ የሚል ሰው ነው። መቶ ጽሑፍ በቅጡ ማንበብ የሁለት ሳምንት ሥራ ነው። ክፍያ ስለሌለው ዳኛው ባይቱን አይቶ «ይለፍ» ይላል። እኔም ብያለሁ፤ አልዋሽም። 70ኛው ጽሑፍ ላይ ስትደርስ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ሆኗል፣ ዓይንህ ይቃጠላል፣ «እንዲሁም»ን መቁጠር ታቆማለህ።

ሁለተኛ፣ ሽልማቱን ለሁለት እከፍለው ነበር። ግማሹ ውድድሩ ሲያልቅ፣ ግማሹ ከስድስት ወር በኋላ። በስድስት ወር ውስጥ ጽሑፉ ካልተሰረዘ፣ ጸሐፊውም አስተያየት ሲሰጠው ተመልሶ ካረመ ቀሪውን ይውሰድ። አዲስ ጽሑፍ ከመጀመር ይልቅ ያለችውን ሁለት መስመር ወደ ሙሉ ጽሑፍ ላሳደገ ደግሞ እጥፍ ነጥብ። ገጣባ ጽሑፍ አክሞ ማዳን ከመጀመር ይከብዳል፤ ሞክሩት።

ውድድሩ ካለቀ ከወራት በኋላ ያችን ከተማ ፈልጌ ገባሁ። ማንም አልነካትም። «ባንክ» የሚለውን አጥፍቼ «ዳር» አልኩ። 2015ን ወደ ዓ.ም. ልቀይረው አሰብኩ፤ ወሩ ካልታወቀ 2007ም 2008ም ሊሆን ይችላል፤ ተውኩትና ከጎኑ እ.ኤ.አ. ጨመርኩበት። አራት ደቂቃ ፈጀብኝ። የዚያ ማታ አሥር ጽሑፎች ይቀሩኛል።