ፎግ ማህተም የጠየቀው ለምንድን ነው?

የዡል ቨርን «ዓለምን በ80 ቀን» የተባለው ልቦለድ ሲነሳ ውጭ ያደገና አገር ቤት ያለ አንባቢ ሁለት የተለያየ መጽሐፍ ያነበቡ ይመስላሉ። ውጭ ያደገው ስለ ሰዓቱ ያወራል፤ አገር ቤት ያለው ግብጽ ውስጥ ባለችው የስዊዝ ወደብ ላይ ይቆማል።

ስዊዝ ላይ፣ ዓለምን በ80 ቀን እዞራለሁ ብሎ የተወራረደው ፊሊያስ ፎግ ፓስፖርቱን ይዞ የእንግሊዝ ቆንስል ዘንድ ይገባና ማህተም ይጠይቃል። ቆንስሉ ቪዛም ፓስፖርትም እንደማያስፈልግ ይነግረዋል። ፎግም ያውቀዋል፤ የፈለገው በዚያ ለማለፉ ማስረጃ ነው። ዛሬ የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው በዚያው መንገድ ልሂድ ቢል እንግሊዝም፣ ህንድም፣ ጃፓንም፣ አሜሪካም ቪዛ ይጠይቁታል። ቀጠሮ መጠበቁ ብቻ 80 ቀኑን ሊበላው ይችላል። የውጭ ፓስፖርት ያለው ያንን ገጽ ልብ ሳይለው ያልፋል።

የጉዞው ስሌት እ.ኤ.አ. የ1872 ነው፦ ከለንደን ስዊዝ 7 ቀን፣ ቦምቤይ 13፣ ካልካታ 3፣ ሆንግ ኮንግ 13፣ ዮኮሃማ 6፣ ሳን ፍራንሲስኮ 22፣ ኒውዮርክ 7፣ ለንደን 9። ለብልሽት የተረፈ አንድ ቀን የለም። ህንድ ላይ ጋዜጣ «ተጠናቋል» ያለው ሐዲድ 50 ማይል ያህል ይጎድለዋል፤ ፎግ በ2,000 ፓውንድ ዝሆን ይገዛል። አገር ቤት ያለ አንባቢ በዝሆኑ ይስቃል እንጂ በሐዲዱ አይገረምም። (ፊኛ የሚጠብቅ ካለ፣ እሱ የ1956ቱ ፊልም ነው።)

ወደ ምሥራቅ ለተጓዘ እያንዳንዱ ዲግሪ ፀሐይ 4 ደቂቃ ትቀድመዋለች፤ 360 ዲግሪ 1,440 ደቂቃ ነው፣ ሙሉ ቀን። ፎግ ሳያውቀው ያተረፈው ቀን ይህ ነው። አሽከሩ ፓስፓርቱ ግን የቤተሰብ ውርስ የሆነውን ሰዓቱን ከለንደን አቆጣጠር ንቅንቅ አላደርግም ብሏል። 180ኛው ዲግሪ ላይ ሰዓቱ ከመርከቡ ሰዓት ጋር ሲገጥም ይፈነድቃል፤ ለካ ልዩነቱ 12 ሰዓት ሆኖ ነው። የፈረንጅ 9 ሰዓትን 3 ብሎ ማንበብ የለመደ ሰው ይህን ለመረዳት ሥዕል አያስፈልገውም።

የልቦለዱ ቀዳዳ ኒውዮርክ ላይ ነው። ፎግ በራሱ ቆጠራ በፈረንጆቹ ዲሴምበር 11 ማታ ደርሶ «ቻይና» የተባለችው መርከብ በ45 ደቂቃ ታመልጠዋለች። ፓስፊክ ውቅያኖስን ሲሻገር ግን አንድ ቀን አልቀነሰም፤ ስለዚህ በከተማው ካላንደር ገና 10 ነው፣ መርከቧም ወደብ ላይ መሆን ነበረባት። ሳምንት ሙሉ አሜሪካን ሲያቋርጥ አንድ ጋዜጣ እንኳ ቀኑን አላሳየውም ማለት ነው። ሁለት ካላንደር ይዞ የሚኖር ሰው ይህን ቶሎ ይይዘዋል።