17 ለ 0 አጥቂ አያሳድግም

ኢትዮጵያዊቷ አጥቂ ሎዛ አበራ ማልታ ውስጥ ለቢርኪርካራ ክለብ ስትጫወት ቡድኗ አንዱን ጨዋታ 17 ለ 0 ጨርሶት ነበር። ሰባቱን ያገባችው እሷ ናት። በዚያው የ2019/20 የውድድር ዘመን ክለቡ ሻምፒዮን ሲሆን እሷም በ30 ጎል ኮከብ ጎል አግቢ ሆነች (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። እኛም እልል አልን።

እኔ ግን ያ ውጤት ትዝ ሲለኝ የማስበው ስለ ተከላካዮቹ ነው። አሥራ ሰባት ጎል ከሚቆጠርበት ቡድን አጥቂ ምን ትማራለች? ጀርባዋን ለጎል ሰጥታ፣ ተከላካይ እየገፋቻት ኳስ መያዝ አይጠበቅባትም። ያገኘችውን ግማሽ ዕድል ብትስት ጉዳይ የለውም፤ ከሁለት ደቂቃ በኋላ ሌላ ይመጣል።

የዱራሜዋ ልጅ ሎዛ አገር ቤትም በሀዋሳ ከተማ፣ በደደቢት፣ በንግድ ባንክ የኖረችው እንዲሁ ጎል እያዘነበች ነው። በ2021 ኬንያ ላይ በተካሄደው የሴካፋ (የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ) ዞን የአፍሪካ ቻምፒየንስ ሊግ ማጣሪያ ብቻዋን 13 አስቆጠረች፤ ንግድ ባንክ ግን በፍጻሜው በቪሂጋ ኩዊንስ 2 ለ 1 ተሸንፎ ዋናው ውድድር ወደሚካሄድበት ካይሮ ሳይሄድ ቀረ። በዚያው ዓመት የሴቶች ብሔራዊ ቡድናችን ሉሲዎቹ በአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ ከሜዳቸው ውጭ በዩጋንዳ 2 ለ 0 ተረቱ፣ አዲስ አበባ ላይ በዚያው ውጤት መለሱ፣ በመለያ ምት ወደቁ። ኢትዮጵያ በ2012 በአፍሪካ ዋንጫ ስትሳተፍ ሎዛ ገና ልጅ ነበረች። ለብሔራዊ ቡድን መጫወት ከጀመረች በኋላ ደግሞ ያ መድረክ ራቃት።

አሁን ማላዊን እንይ። በሀብት አትበልጠንም፣ በሊግም አታስቀናም። አጥቂዋ ታቢታ ቻዊንጋ በ2014 ወደ ስዊድን ስትሄድ የገባችው ዝቅተኛ ዲቪዚዮን ውስጥ ነው። ታናሽ እህቷ ቴምዋ በ2017 ተከተለቻት፤ ስዊድን ቆየች፣ ወደ ቻይና ዞረች፣ በ2024 ለካንሳስ ሲቲ ከረንት በአንድ የውድድር ዘመን 20 ጎል አግብታ የአሜሪካው ሊግ ኮከብ ተባለች። ቴምዋ ከሎዛ በአንድ ዓመት ታንሳለች። ሎዛም እኮ ስዊድን ሄዳ ነበር፣ ለኩንግስባካ። ልዩነቱ ቴምዋ መቆየቷ ነው፤ የእኛዋ ወደሚቀላት ሊግ ተመለሰች። ጥፋቱን በእሷ ላይ የሚጭን ካለ አልስማማም። ታቢታ ለእህቷ የከፈተችውን መንገድ ለሎዛ የከፈተላት ማን ነበር?

በ2024 የዋሽንግተኑ ክለብ ዲሲ ፓወር ሎዛን ሲያስፈርማት 27ኛ ዓመቷ ደጃፍ ላይ ነበረች። ዋሽንግተን መሆኑ ደስ ይላል፤ ሐበሻ በሞላበት ከተማ ባንዲራ ይዞ ኦዲ ፊልድ ስታዲየም የሚገባ አይጠፋም። ቢሆንም በየሳምንቱ የሚፈትኗት ተከላካዮች ሊገጥሟት የሚገባው በ19 ዓመቷ ነበር።

ከ20 ዓመት በታች የሴቶች ቡድናችን ለ2022ቱም ለ2024ቱም የዓለም ዋንጫ እስከ መጨረሻው የማጣሪያ ዙር ደርሶ አንዴ በጋና፣ አንዴ በሞሮኮ ቆሟል። አንድ ዙር ብቻ ቀርቷቸው የነበሩ ልጆች ናቸው። ክለቦቻችን ኮከብ ጎል አግቢ ይዘው ዋንጫ ማንሳትን ስለሚመርጡ በፈቃዳቸው አይለቋቸውም። ስለዚህ ፌዴሬሽኑ አንድ ነገር ያስገድድ፦ ከ21 ዓመት በታች የሆነች ተጫዋች ከውጭ ጥያቄ ሲመጣላት፣ ሊጉ ሁለተኛ ዲቪዚዮን ቢሆንም እንኳ፣ ክለቧ እንዲለቃት የሚል አንቀጽ በውሏ ይግባ።