ሰው የሚኖርበትን ቤት በደላላ ቁልፍ አታስከፍቱ

ወገኖቼ፣ ዛሬ ሳልሸፋፍን ነው የምናገረው። ቤት የምታከራዩም፣ የምትከራዩም፣ የምታሻሽጡም፣ ለመግዛት ዞራችሁ የምታዩም፣ የብሎክ ኮሚቴ ሆናችሁ የተመረጣችሁም፣ ሁላችሁንም ይመለከታችኋል።

ከጀሞ እስከ ቱሉ ዲምቱ፣ ከየካ አባዶ እስከ ቦሌ አራብሳ፣ በከተማችን በአዲስ አበባ ዳር ዳር ባሉ የኮንዶሚኒየም ሰፈሮች አንድ ክፉ ልማድ ገብቷል። አከራዩ ቤቱን ሊሸጥ ያስባል። ወይ ብድር ጠይቆ የባንክ ገማች ይመጣበታል። ወይ ያለውን ተከራይ አስወጥቶ ሌላ ሊያስገባ ይፈልጋል። አንዳንዴም ቤቴ እንዴት ተይዟል ብሎ ማየት ያምረዋል። ከዚያ ሰው ይልካል። የተላከው ሰው ሌላ ሰው ያስከትላል፣ ያም የራሱን ሰው ይዞ ይመጣል፣ በመጨረሻ ማን መሆኑን ማንም የማያውቀው ሰው የአንዲት እናት መኝታ ቤት ውስጥ ቆሞ ግድግዳ ሲያንኳኳ ይገኛል። ይሄ ነውር ነው። አደጋም ነው። ሁለቱንም እያወቅን ዝም ብለናል።

እኔ ባለሁበት ሰፈር የሆነውን ልንገራችሁ። አራተኛ ፎቅ ላይ የምትኖር አራስ አለች። ባሏ ሥራ ሄዷል፣ እሷ ሕፃኑን በሳፋ እያጠበች ነው። በሩ ተንኳኳ። እጇ በሳሙና ተለውሷል፣ ልጁ ውኃ ውስጥ ነው፣ "አንዴ ቆዩ" አለች። አልቆዩም። ደላላው አከራዩ የሰጠው ትርፍ ቁልፍ ነበረውና ከፍቶ ገባ፣ ከኋላው ሦስት ሰዎች አስከትሎ። ልጇን በነጠላዋ ጠቅልላ ጥግ ይዛ ቆመች። አንዱ ከነጫማው ሽንት ቤት ገብቶ ውኃ ይመጣ እንደሆነ ለማየት ቧንቧ ከፈተ። ሌላው ስልኩን አውጥቶ ሳሎኑን፣ አልጋውን፣ ገመድ ላይ የተሰጣውን የሕፃን ልብስ ሳይቀር ቪዲዮ ቀረጸ። ደላላው "አይዞሽ እህቴ፣ አምስት ደቂቃ ነው" አላት። ማታ ያ ቪዲዮ ከነብሎክ ቁጥሩ የሚሸጥ ቤት በሚለጠፍበት የቴሌግራም ቻናል ላይ ወጣ። ቴሌቪዥኑ ይታያል፣ ጠረጴዛው ላይ የባሏ ላፕቶፕ ይታያል፣ የበሩ ቁልፍ ምን ዓይነት እንደሆነ ሁሉ ይታያል። አራስ ቤት ሲኬድ ዘመድ እንኳን ደጅ ላይ ቆሞ "ልግባ?" ብሎ በሚጠይቅበት አገር ነው ይሄ የሆነው።

አከራይ የሆንክ ወንድሜ፣ አከራይ የሆንሽ እህቴ፣ ቤቱ የእናንተ ነው። ይህን የካደ የለም። ዓመታት ቆጥባችሁ፣ ዕጣ ጠብቃችሁ፣ ከልጆቻችሁ ጉሮሮ ቀንሳችሁ ያገኛችሁት ንብረት ነው። ነገር ግን ኪራይ ተቀብላችሁ ሰው ካስገባችሁበት ቀን ጀምሮ ያ ቤት የዚያ ሰው መኖሪያ ነው። ካርታው በስማችሁ ስለሆነ ብቻ እንዳሻችሁ ገብታችሁ አትወጡም። ይሄን ያልኩት እኔ አይደለሁም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 ማንኛውም ሰው የግል ሕይወቱ እንዲከበርለት፣ መኖሪያ ቤቱም ከመመርመር እንዲጠበቅለት መብት አለው ይላል። ማንኛውም ሰው ነው ያለው፣ ባለ ካርታ ብቻ አላለም። ከዚያም በፊት የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 13 የሰው መኖሪያ አይደፈርም፣ ያለ ነዋሪው ፈቃድ ማንም አይገባበትም ብሏል፣ መኖሪያ ሲባል ደግሞ የሚታየው የሚኖርበት ሰው ነው። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 604 ላይ ሲደርስ ነገሩ ይከብዳል። የሰው ቤት ያለ ፈቃዱ መግባት፣ ገብቶም ውጣ ሲባል አልወጣም ማለት በወንጀል ያስጠይቃል።

እስቲ ይህን አስቡት። ፖሊስ እንኳን የሰው ቤት ሊፈትሽ ሲመጣ ደንቡ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ይዞ እንዲመጣ ነው። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ደግሞ ፍርድ ቤቱ ለይቶ ካላዘዘ በቀር ብርበራ ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ብቻ ይደረግ ይላል። ወንጀለኛ ለሚያሳድደው ፖሊስ ሰዓት ተቆርጦለት ሳለ፣ ደላላ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ "ገዢው ከሥራ የሚወጣው አሁን ነው" እያለ የሰው በር የሚደበድበው በምን ሥልጣን ነው?

"የማምነውን ሰው ነው የላክሁት" ትላላችሁ። ደላላውን ታምኑት ይሆናል። ደላላው ግን ይዞት የመጣውን ሰው አያውቀውም፣ ደውሎ "ቤት አለ ወይ" ያለው ሁሉ ለእሱ ገዢ ነው። መታወቂያ አይጠይቅም፣ ስም አይመዘግብም። ያ ሰው በትንሽ ደቂቃ ውስጥ በሩ ብረት ይሁን እንጨት፣ በረንዳው ከውጭ ይከፈት እንደሆነ፣ ቤት ውስጥ ምን ዕቃ እንዳለ፣ ቀን ላይ ማን እንደሚቀር አይቶ ይወጣል። "ቀን ቀን ሰው አይኖርም እንዴ? መቼ ብንመጣ ይመቻችኋል?" ብሎ ቢጠይቅም ማንም አይጠረጥረውም፣ የገዢ ጥያቄ ይመስላላ። የእኛ ሰፈሮች ደግሞ እንደ ድሮ ሰፈር አይደሉም። ጎረቤት ከጎረቤት ገና አልተዋወቀም። ባዶ የተቀመጠ ቤት አለ፣ ተከራይ በየጊዜው የሚለዋወጥበት ቤት አለ። መብራት ሲጠፋ ደረጃው ድቅድቅ ጨለማ ነው። አንድ ጥበቃ ብዙ ብሎክ ይጠብቃል። ማን ገባ ማን ወጣ ብሎ የሚያይ ዓይን የለም ማለት ነው።

ከሁሉም የሚያሳዝኑኝ ብቻቸውን የሚኖሩ ልጆች ናቸው። በቦሌ ለሚና በቂሊንጦ ኢንዱስትሪ ፓርኮች አካባቢ ከክፍለ ሀገር መጥታ፣ ሰው ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይታ የምትኖር ስንት ልጅ አለች። በሯ ቆርቆሮ ነው፣ ከውስጥ የሚይዘው አንድ መቀርቀሪያ ነው። የሌሊት ፈረቃ ሠርታ ጠዋት ተኝታለች። የግቢው ባለቤት "ጣሪያው ያፈስ እንደሆነ ልይ፣ አምፖሉን ልይ" ብሎ በሩን ይገፋል። "ኧረ ጋሼ፣ ልብስ ልልበስ" ስትለው "እኔ እኮ አባትሽ ነኝ" ይላታል። አባት የደረሰች ሴት ልጁ ክፍል ሳያንኳኳ አይገባም። ይሄን ሰምታችሁ "ምን አለበት" የምትሉ ሰዎች፣ የገዛ ልጃችሁ በሰው ግቢ ተከራይታ እንዳለች አድርጋችሁ ቁጠሩት። ልጅቷ ለማን ትናገር? ዘመዶቿ ሩቅ ናቸው። ቤት ልቀይር ብትል እንደገና ደላላ ነው፣ እንደገና ቅድሚያ ክፍያ ነው፣ እንደገና ከማታውቀው ሰው ግቢ መግባት ነው። ስለዚህ ችላ ትኖራለች። መቀርቀሪያው ላይ ወንበር ደግፋ የምትተኛ ልጅ አውቃለሁ፣ ኪራይዋን ግን አንድም ወር አሳልፋ አታውቅም።

ሠራተኛ ከልጆች ጋር ብቻዋን የምትውልበት ቤትም እንደዚያው ነው። "ባለቤቱ ልኮን ነው" ሲሏት ትደነግጣለች፣ ማን ባለቤት እንደሆነ እንኳን አታውቅም፣ ባልከፍት ይቆጡኛል ብላ ትከፍታለች።

አከራይ ጭራሽ አይግባ እያልኩ አይደለም። ቧንቧ ፈንድቶ ታች ያለው ጎረቤት ኮርኒስ ላይ ሲንጠባጠብ በሌሊትም ቢሆን ይግባ፣ እንዲያውም ተከራዩ ራሱ ሮጦ ይክፈት። የባንክ መሐንዲስም ሳያይ አይገምትም፣ ገዢም ሳያይ አይገዛም። ነገሩ ያለው አገባቡ ላይ ነው። ቢያንስ ከአንድ ቀን በፊት ደውሉ። "ልጄ፣ ነገ ረፋድ ላይ ሁለት ሰው ይዤ ብመጣ ይመችሻል?" ማለት ምንም አያስከፍልም። አይመቸኝም ካለች ሌላ ቀን ቁረጡ። ራሳችሁ ኑ፣ ካልቻላችሁ ተከራዩ የሚያውቀውን የቤተሰብ ሰው ላኩ። የሚመጣውን ሰው መታወቂያ እዩ፣ ስሙንና ስልኩን አስቀድማችሁ ለተከራዩ ላኩለት፣ ለማሳየት የማይፈልግ ሰው ቤቱንም አይይ። ቀን በብርሃን ይሁን። ሰልፍ ሆናችሁ ሳይሆን አንድ ሁለት እየሆናችሁ ግቡ። ፎቶ ካስፈለጋችሁ ቤቱ ባዶ እያለ ያነሳችሁትን ተጠቀሙ፣ ከሌላችሁ አስፈቅዳችሁ፣ የሰውየው ዕቃና የልጆቹ ፎቶ ገለል ካለ በኋላ አንሱ። ቁልፍ ግን ለደላላ በፍጹም አትስጡ። አንዴ ከእጃችሁ የወጣ ቁልፍ የትኛው ቁልፍ ቀራጭ ጋ እንደደረሰ፣ ስንት ሆኖ እንደተቀረጸ አታውቁም።

ቤት ለማየት የምትሄዱ፣ ክፍሉን፣ መስኮቱን፣ ቧንቧውን፣ ቆጣሪውን እዩ። ቁም ሳጥኑና ፍሪጁ የተከራዩ ናቸው፣ አትክፈቱ። በር ላይ ስትደርሱ ሰው እንዳለ ጠይቁ፣ ተከራዩ እንደማያውቅ ከገባችሁ ተመለሱ። ደላሎች፣ የዕለት እንጀራችሁ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ግን በየደጁ ሳይጠሩት አቤት ሳይልኩት ወዴት እያላችሁ የሰው ጓዳ መግባት ሥራችሁን አያስከብርላችሁም።

ተከራዮች፣ እናንተንም ሳልገሥጽ አላልፍም። ዝም አይነቅዝም እያላችሁ ተቀምጣችኋል፣ እዚህ ላይ ግን ዝምታው ነቅዟል። ፍርሃታችሁ ይገባኛል፣ "ከተናገርኩ ውጣ ይለኛል" ነው። ግን በመጋቢት 2016 የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ጸድቋል። ውሉ በጽሑፍ ይሁን፣ ይመዝገብ፣ ከሁለት ዓመት አይነስ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር ኪራይ አይብለጥ ይላል። አከራይ እንደ ድሮው በአንድ ስልክ "በወሩ መጨረሻ ልቀቅ" የሚልበት ጊዜ አልፏል። እናንተ ግን ብዙዎቻችሁ ውላችሁን አላስመዘገባችሁም። ያስመዘገባችሁም ከአከራዩ ጋር ተነጋግራችሁ ከምትከፍሉት ያነሰ ብር አጻፋችሁ። ከዚያ በደል ሲደርስባችሁ ወረዳ ሄዳችሁ በልበ ሙሉነት የምታሳዩት ወረቀት ታጣላችሁ። እባካችሁ ይህን አስተካክሉ።

ደግሞ በሌላ በኩል እልህ ተጋብታችሁ በምክንያትም ያለ ምክንያትም አናስገባም የምትሉ አላችሁ። ይሄም ልክ አይደለም። ሰውየው በጊዜ ደውሎ፣ በጨዋ ደንብ ከጠየቃችሁ ክፈቱለት። ቤት ስትረከቡ ግድግዳውን፣ ሴራሚኩን፣ ቧንቧውን ከአከራዩ ጋር ሆናችሁ ፎቶ አንሱ፣ ሁለታችሁም ዘንድ ይቀመጥ፣ "ቤቴን አበላሸኸው" እየተባለ በየጊዜው የሚመጣው ፍተሻ በግማሽ ይቀንሳል። ስትገቡ የበሩን ቁልፍ ሲሊንደር ለመቀየር አከራዩን ጠይቁ፣ ከእናንተ በፊት ስንት ተከራይ ያን ቁልፍ እንደያዘ አታውቁም። ሠራተኛችሁንና ልጆቻችሁን አስተምሩ፣ የመጣው ማንም ቢሆን በሩ ሳይከፈት በፊት ለእናንተ ይደወል። ሰው ሊያይ ነው ከተባለ ወርቃችሁን፣ ፓስፖርታችሁን፣ ላፕቶፓችሁን ሰብስቡ። ብቻችሁን ከሆናችሁ ጎረቤት ጥሩ፣ እትዬ እንትና መጥተው ሳሎን ቁጭ ቢሉ ብቻ የሰው አኳኋን ይቀየራል። ያለ ፈቃዳችሁ ገብቶ አልወጣም ያለ ካለ ደግሞ አትሟገቱት፣ ውጡና ለፖሊስ ደውሉ።

የብሎክ ኮሚቴዎች፣ ለጽዳትና ለጥበቃ ገንዘብ ትሰበስባላችሁ፣ መልካም ነው። ከዚያችው ገንዘብ አንድ ደብተር ግዙና ለጥበቃው ስጡት። "ቤት ለማየት ነው" ያለ ሰው ስሙን፣ ስልኩን፣ የሚሄድበትን ቤት ቁጥርና የገባበትን ሰዓት ይጻፍ፣ ጥበቃው ለተከራዩ ደውሎ "ሰው መጥቷል፣ ታውቃለህ?" ይበል። ክፉ ሐሳብ ያለው ሰው ስሙን መጻፍ አይወድም። ጥበቃዎች፣ ደላላ ለሻይ ብሎ በሚሰጣችሁ ብር በር አትክፈቱ፣ ውስጥ ያሉት ሰዎች እናንተን አምነው ነው የተኙት።

አሁን ውል የምታድሱም አዲስ የምትፈርሙም አንዲት አንቀጽ አስገቡ። እንዲህ ብላችሁ ጻፉ፦ "አከራይ ቤቱን ለማየትም ሆነ ለሌላ ሰው ለማሳየት ሲፈልግ ቢያንስ ከ24 ሰዓት በፊት ለተከራይ ያሳውቃል፤ ተከራይ ወይም የወከለው ሰው በሌለበት ማንም ወደ ቤቱ አይገባም፤ ያለ ተከራይ ፈቃድ ፎቶም ሆነ ቪዲዮ አይነሳም፤ እሳት፣ የውኃ መፍሰስና የመሳሰለ አስቸኳይ አደጋ ሲያጋጥም ግን አከራይ ወዲያው መግባት ይችላል።" አከራዮች፣ ተከራዩ እስኪጠይቃችሁ አትጠብቁ፣ እናንተው ጽፋችሁ አምጡለት። ወረዳ ሄዳችሁ ውሉን ስታስመዘግቡ ይህችም አብራ ትመዝገብ።